የጎደለው ቁራጭ የት ሄደ?

ሐረር ጀጎል ውስጥ የሸሪፍ ሙዚየም ስትገቡ በእጅ የተጻፉ፣ በቆዳ የተጠረዙ የድሮ መጻሕፍት ታያላችሁ። እስቲ አስቡት፤ ጠራዡ ተሳስቶ የሁለት መጻሕፍትን ገጾች አቀያይሮ ቢሰፋቸውስ? ገጽ አልጠፋም፤ መልእክቱ ግን ተበላሸ።

የሰውነታችን ሴልም 46 «መጻሕፍት» አሉት፤ ክሮሞዞም ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በ1960 የፊላደልፊያ ተመራማሪዎች ክሮኒክ ማይሎይድ ሉኪሚያ በተባለ የደም ካንሰር የታመሙ ሰዎች ላይ አንድ ያጠረ ክሮሞዞም አዩ። የጎደለው ቁራጭስ የት ገባ?

መልሱን በ1972 ያገኙት የቺካጎዋ ሐኪም ጃኔት ራውሊ ናቸው። የክሮሞዞም ፎቶዎችን በመቀስ እየቆረጡ ቤታቸው ጠረጴዛ ላይ ይደረድሩ ነበር፤ ልጆቻቸውማ በወረቀት አሻንጉሊት ትጫወታለች ብለው ይቀልዱባቸው ነበር! ለካስ 9ኛውና 22ኛው ክሮሞዞም ቁራጭ ተለዋውጠዋል። ስፌቱ ላይ ሁለት ጂኖች ተጋጥመው፣ ሴሉን ያለማቋረጥ «ተባዛ» የሚል ፕሮቲን ያሠራሉ።

ስህተቱ ከታወቀ በኋላ ያንን ፕሮቲን የሚያስቆም መድኃኒት መፈለግ ተቻለ። ኢማቲኒብ የተባለው ክኒን በ2001 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። በፊት በጥቂት ዓመታት ይገድል የነበረው በሽታ፣ ዛሬ ብዙዎች ክኒን እየዋጡ ረጅም ዕድሜ የሚኖሩበት ሆኗል፤ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚታከሙም አሉ።

ይህ ሁሉ የመጣው «የጎደለው የት ሄደ?» ከሚል ጥያቄ ነው።