የድንገተኛ ክፍል ሰሌዳ፦ ከማርከር ወደ ዲጂታል

በሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል አንድን ሕመምተኛ በየተራ የሚያዩት ባለሙያዎች ብዙ በመሆናቸው፣ ማን በየትኛው አልጋ ላይ እንዳለ፣ በየትኛው ሐኪም እንደሚታከምና የምን ውጤት እንደሚጠብቅ ሁሉም ቀና ብለው የሚያዩበት ሰሌዳ ያስፈልጋል። በአሜሪካና በእንግሊዝ ይህን አገልግሎት ለረጅም ዘመን የሰጠው በማርከር የሚጻፍበት ነጭ ሰሌዳ ሲሆን፣ በብዙ ሆስፒታሎች ቦታውን ከኮምፒውተር መረብ ጋር የተገናኘ ዲጂታል ሰሌዳ ወስዶታል።

የሕመምተኛው ስምና የመጣበት ሰዓት ከምዝገባ፣ የምርመራው ውጤት መድረስ ከላቦራቶሪና ከራጅ ክፍል፣ የሕመሙ አጣዳፊነት ደግሞ ከትሪያጅ፣ ማለትም ቅድሚያ የሚሰጠውን ሕመምተኛ ከሚለየው የመጀመሪያ ምዘና ወደ ሰሌዳው ይገባል። በ1990ዎቹ በእንግሊዝ የተዘጋጀው የማንቸስተር ትሪያጅ በቀይ የተመደበው ሕመምተኛ ወዲያውኑ፣ በብርቱካናማ የተመደበው በ10 ደቂቃ፣ በቢጫ በ60፣ በአረንጓዴ በ120፣ በሰማያዊ ደግሞ በ240 ደቂቃ ውስጥ እንዲታይ ይደነግጋል። ዲጂታሉ ሰሌዳ ከቀለሙ ጎን ሰዓቱን ስለሚቆጥር፣ ጊዜው ያለፈበት ሕመምተኛ ማንም ሳያሰላ ተለይቶ ይታያል፤ ትልቁ ጥቅሙም ይኸው ነው።

ነገር ግን ነጩ ሰሌዳ ተራ ዕቃ አልነበረም። አሜሪካዊው የድንገተኛ ሕክምና ሐኪም ሮበርት ዌርስና ባልደረቦቻቸው በ2007 ባሳተሙት ጥናት እንዲህ ያለው ሰሌዳ ቡድኑ በጋራ የሚያስብበት መሣሪያ መሆኑን አሳይተዋል። ነርሶች ስም ይከብቡበታል፣ ያሰምሩበታል፣ ራሳቸው ብቻ የሚግባቡበትን ምልክት ያኖሩበታል፤ እነዚህን ሁሉ አስቀድሞ በተወሰኑ ሣጥኖች የሚሠራ ሥርዓት አይቀበላቸውም። መረጃ ለማደስ በየጊዜው ኮምፒውተር ዘንድ ሄዶ የይለፍ ቃል ማስገባት ሲያስፈልግም፣ ሥራ የበዛበት ባለሙያ ነገሩን በኪሱ ወረቀት ላይ ይጽፈውና ሰሌዳው ከእውነታው ወደ ኋላ ይቀራል፤ የዘገየ መረጃ ደግሞ ትክክለኛ መስሎ ስለሚታይ ከባዶ ሰሌዳ ይልቅ ያሳስታል። ስለዚህ ሥርዓቱ ከመገዛቱ በፊት ሰሌዳውን የሚጠቀሙት ነርሶችና ሐኪሞች በንድፉ ሊሳተፉ ይገባል፤ ይህን መዝለል ከባድ ስሕተት ነው።

የሕመምተኛው ምሥጢርም ሊታሰብበት ይገባል፤ አሜሪካ በ1996 ያወጣችው የጤና መረጃ ሕግና እርሱን ተከትለው የወጡት ደንቦች ሰሌዳን ባይከለክሉም፣ አስታማሚና ጠያቂ በሚያልፍበት ቦታ የሚታየው መረጃ ተመጥኖ እንዲቀርብ ተገቢ ጥንቃቄ ይጠይቃሉ። መብራት ወይም መረብ ሲቋረጥ ደግሞ የመጨረሻው ዝርዝር በየተወሰነ ሰዓት በወረቀት ታትሞ ካልተቀመጠ፣ ተረኛው ቡድን ሕመምተኞቹን አልጋ በአልጋ እየዞረ እንደገና ለመመዝገብ ይገደዳል።