ድባቴ፣ መድኃኒቱና ኢማናችን

ሐዘን፣ እንቅልፍ ማጣትና ተስፋ መቁረጥ ከሁለት ሳምንት በላይ ሲጸናብን «ኢማናችን ደክሞ ነው» ብለን እንደብቀዋለን። ድባቴ ግን ሕመም ነው፤ ነብያችንም (ሰ.ዐ.ወ) እንድንታከም አዘዋል። ዱዓና ሕክምና አብረው ይሄዳሉ።

እንደ ፍሉኦክሰቲን ያሉት መድኃኒቶች የአንጎል ሴሎች መልእክት የሚያስተላልፉበትን ሴሮቶኒን ቶሎ መልሰው እንዳይወስዱት ያደርጋሉ። አንጎል እስኪላመደው ጊዜ ይፈልጋል፤ ለውጡ የሚታየው ከ2 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ነው። ስለዚህ በሳምንቱ «አልሠራልኝም» ብለን አንተወው፤ ሲሻለንም ሐኪም ሳናማክር በድንገት አናቋርጠው።

ለእረፍት ከጂንካ ወደ አርቦሬ ስንሄድ መድኃኒቱን በቅርብ ላናገኝ ስለምንችል የሚበቃንን እንያዝ። ረመዳን ሲገባ በሱሁር ወይስ በኢፍጣር እንደምንወስደው ሐኪሙን እንጠይቅ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ግን ቀጠሮ አንጠብቅ፤ ለወንድም ወይም ለእህት ነግረን ወዲያው ሆስፒታል እንሂድ።