እናንተ ስትራመዱ ልጃችሁ ለምን ይሮጣል?

ነገ ጠዋት የ5 ዓመት ልጃችሁን እጁን ይዛችሁ ወደ ትምህርት ቤት ስትሄዱ ዝቅ ብላችሁ እግሩን እዩት። እናንተ በደንብ እየተራመዳችሁ ነው፤ እሱ ግን ዱብ ዱብ ይላል። ምናልባትም "ቶሎ በል እንጂ፣ ምን ያንቀረፍፍሃል?" ብላችሁታል። ልጁ ግን አልተንቀረፈፈም። እንደውም ከእናንተ የበለጠ እየለፋ ነው። ለምን እንደሆነ ከገባን፣ ከልጆቻችን ጋር እንዴት መንቀሳቀስ እንዳለብንም ይገባናል።

የእግር ርዝመትና የመሬት ስበት

ስንራመድ አንዱ እግር መሬት ላይ ይተከላል፤ የቀረው ሰውነታችን በዚያ እግር ላይ ቅስት እየሠራ ያልፋል። የተገለበጠ ፔንዱለም በሉት። በቅስቱ ላይ ይዞ የሚያቆየን የመሬት ስበት ነው። ፍጥነት ሲጨምር፣ ወይም እግር ሲያጥር፣ ስበቱ አልበቃ ይላል። ያኔ ሰውነት መራመዱን ትቶ ወደ ሩጫ ይቀየራል። ጨረቃ ላይ የወጡት ጠፈርተኞች እየዘለሉ የተጓዙትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ የጨረቃ ስበት የምድርን አንድ ስድስተኛ ያህል ብቻ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ከዳሌ እስከ መሬት ያለውን የእግር ርዝመት በሜትር ውሰዱ፣ በ9.8 አባዙት፣ ለ2 አካፍሉትና ስኩዌር ሩቱን አውጡ። መራመድ ወደ ሩጫ የሚቀየርበትን ፍጥነት በግምት ታገኛላችሁ። እግሩ 0.9 ሜትር ለሆነ አዋቂ በሰከንድ 2.1 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 7.6 ኪሎ ሜትር ነው። እግሩ 0.5 ሜትር ለሆነ ልጅ ደግሞ በሰዓት 5.6 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። እናንተ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ስትራመዱ ገና ብዙ ይቀራችኋል፤ ልጁ ግን ሩጫው ጫፍ ላይ ደርሷል። የእናንተን ያህል ተመችቶት እንዲራመድ ከፈለጋችሁ ወደ 3.7 ኪሎ ሜትር መቀነስ አለባችሁ።

ታዲያ ማን ይልፋ?

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በእናንተ ፍጥነት ከሄዳችሁ ልጁ ደክሞት "እዘሉኝ" ይላል። በእሱ ፍጥነት ከሄዳችሁ ደግሞ እናንተ ልባችሁ እንኳ ትርታው አይጨምርም። ስለዚህ ብዙዎቻችን ልጁን እናጫውታለን እንጂ አብረን አንጫወትም፤ እሱ ይሯሯጣል፣ እኛ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለን ስልክ እናያለን።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ፣ አዋቂዎች ደግሞ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ትንፋሽ የሚጨምር እንቅስቃሴ ያስፈልጋቸዋል። መፍትሔው ሁለታችሁም የምትለፉበት ጨዋታ መምረጥ ነው። ደንቡ አንድ ነው፦ ሸክሙ፣ ዳገቱና ርቀቱ ለትልቁ ሰው ይሰጥ።

እሽቅድምድም በፍሪጅ ሕግ። ልጁ ከፊት፣ እናንተ ከኋላ ሆናችሁ እስከ አንድ ዛፍ ሩጡ። ልብ በሉ፦ በሚቀጥለው ዙር ያሸነፈው ይከብደዋል፣ የተሸነፈው ይቀለዋል። ስለዚህ ልጁ ካሸነፈ እናንተ ወደ እሱ ሁለት እርምጃ ትጠጋላችሁ፤ እናንተ ካሸነፋችሁ ሁለት እርምጃ ወደኋላ ትሸሻላችሁ። ፍሪጅ ሲሞቅ ሞተሩን አስነስቶ ሲቀዘቅዝ እንደሚያጠፋው ማለት ነው፤ ምህንድስና ውስጥ ፊድባክ ይባላል። ከጥቂት ዙር በኋላ አሸናፊው የማይታወቅበት ርቀት ላይ ትደርሳላችሁ። ሁለታችሁም ያኔ ከልባችሁ ትሮጣላችሁ። ሆን ብላችሁ መሸነፍም አይኖርባችሁም፤ ልጆች እሱን ወዲያው ያውቁታል።

ማዘል። ደጀን አባይ ሸለቆ አፋፍ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ዳገት በነፃ ነው። 65 ኪሎ የምትመዝን እናት ከፍታው 20 ሜትር የሆነ ዳገት ስትወጣ ከስበት ጋር የምትሠራው ሥራ 12,740 ጁል ነው። 15 ኪሎ ልጅ ካዘለች 15,680 ይሆናል፤ 23 በመቶ ጭማሪ። ዳገቱን አዝላችሁ ውጡ፣ ሜዳው ላይ አውርዱትና እሱ ይሩጥ። አባቶችም ማዘል ይቻላል፤ ነውር የለውም።

ሰኞ ማክሰኞና አባሮሽ። መዝለል ለሚያድግ አጥንት ጥሩ ነው። በሰኞ ማክሰኞ ልጁ በሁለት እግሩ ከዘለለ እናንተ በአንድ እግር ዝለሉ። በአባሮሽ ደግሞ እሱ ቁልቁል ሳይሆን በሜዳው ሲሮጥ እናንተ በእንጣጥ አባርሩት።

ክረምት ሲገባና ዝናቡ ከቤት ሲያስቀር እስክስታ አለላችሁ። አንድ ሙሉ ዘፈን ትከሻ ሳያርፍ መጨረስ ቀላል እንዳይመስላችሁ።

ልኩን እንዴት እናውቃለን?

ደጀን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው። እዚህ የአየር ግፊቱ በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ፣ ከቆላ የመጣ እንግዳ ቶሎ ቢያለከልክ አይገርምም። መለኪያ መሣሪያ አያስፈልግም፦ ማውራት ከቻላችሁ ግን መዝፈን ካቃታችሁ ልኩ ላይ ናችሁ። መዝፈን ከቻላችሁ ጨምሩ፤ ማውራት ካቃታችሁ ቀንሱ። የልብ ወይም የመተንፈሻ ሕመም ያለበት አስቀድሞ ሐኪም ያማክር። ቦታ ስትመርጡም ከአፋፉና የጭነት መኪና ከሚበዛበት አስፋልት ራቁ።

በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን አትሌቶችን ከሌሎች ኢትዮጵያውያን ጋር አነጻጽሮ ነበር። የረጅም ርቀት ሯጮቹ በልጅነታቸው ወደ ትምህርት ቤት ረጅም መንገድ የተጓዙ፣ ብዙዎቹም እየሮጡ የሄዱ ሆነው ተገኝተዋል። ይህ ብቻውን አትሌት ያደርጋል ማለት አይደለም። ግን ትምህርት ቤቱ በእግር 15 ደቂቃ ከሆነ፣ ልጁን ባጃጅ ላይ ከመጫናችሁ በፊት አስሉት። ደርሶ መልስ ለልጁ 30 ደቂቃ ነው፤ የቀኑ ግማሽ። እናንተም ጠዋት አድርሳችሁት፣ ስትመለሱ በራሳችሁ ፍጥነት ፈጠን ብላችሁ ከተራመዳችሁ፣ ከሳምንቱ 150 ደቂቃ የተወሰነውን ሞላችሁ።