የጣና ሐይቅ ባዮስፌር ሪዘርቭ

የጣና ሐይቅ ባዮስፌር ሪዘርቭ በአማራ ክልል የሚገኝ፣ ጣና ሐይቅንና ዙሪያውን የሚያካትት ጥብቅ ሥፍራ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) በሰውና ባዮስፌር ፕሮግራሙ ውስጥ በ2007 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2015) መዝግቦታል። ስፋቱ 695,885 ሄክታር ነው። ከእሱ በፊት በኢትዮጵያ የተመዘገቡት ካፋ፣ ያዩና ሸካ በደናቸው የታወቁ ሲሆኑ፣ ሐይቅን ማዕከል አድርጎ የተመዘገበው ግን ጣና የመጀመሪያው ነው።

ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ የላትም። በመሆኑም ሌሎች አገሮች በባሕር ጥብቅ ክልሎቻቸው ላይ የሚገጥማቸው ጥያቄ፣ ማለትም አጥር የማይታጠርበትን ውሃ እንዴት መጠበቅና ማስተዳደር ይቻላል የሚለው፣ በአገሪቱ የሚነሳው በሐይቆች ላይ ነው።

የሐይቁ ሁኔታ

ጣና የኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅና የዓባይ ወንዝ መነሻ ነው። የውሃው ስፋት ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ቢሆንም ጥልቀቱ ከ15 ሜትር አይበልጥም። ወደ ሐይቁ ከሚገባው የወንዝ ውሃ አብዛኛውን የሚያመጡት ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ናቸው። ውሃው ጥልቀት ስለሌለው ወንዞቹ የሚያመጡት አፈርና ማዳበሪያ ሐይቁን በቀላሉ ይለውጠዋል።

በሐይቁ ውስጥ ከ30 በላይ ደሴቶች አሉ። እንደ ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ክብራን ገብርኤልና ጣና ቂርቆስ ያሉት ጥንታዊ ገዳማት ያሉባቸው ናቸው። የገዳማቱን ዛፍ መቁረጥ እንደ ነውር ስለሚቆጠር፣ በዙሪያው ያለው መሬት ሲመነጠር የደሴቶቹ ደን ተርፏል። ይህም ዘመናዊ የጥበቃ ሕግ ከመውጣቱ ብዙ ዘመን በፊት የነበረ፣ በአካባቢው ሰው ዘንድ የሚከበር የጥበቃ ሥርዓት ነው።

ቀጠናዎቹ

እንደ ማንኛውም ባዮስፌር ሪዘርቭ፣ የጣናም ሥፍራ በሦስት ቀጠናዎች የተከፈለ ነው።

ዋና ቀጠና፦ በሕግ ጥብቅ ሆኖ የሚጠበቅ፣ ከምርምርና ከክትትል በቀር ሌላ ሥራ እጅግ የተገደበበት ክፍል ነው።
መከለያ ቀጠና፦ ዋናውን ቀጠና የሚከብ ሲሆን፣ ጥበቃውን የማይጎዳ አጠቃቀም ይፈቀድበታል።
የሽግግር ቀጠና፦ ሰዎች የሚኖሩበት፣ የሚያርሱበትና የሚነግዱበት ነው።

ባዮስፌር ሪዘርቭ ከብሔራዊ ፓርክ የሚለየው በዚህ ነው፤ ነዋሪውን አያስወጣም። በሌላ በኩል የዩኔስኮ ምዝገባ በራሱ ቅጣት የሚያስከትል ሕግ አይደለም። ዩኔስኮ ሥፍራውን በየ10 ዓመቱ እንዲገመገም ይጠይቃል እንጂ ጥበቃ ሠራተኛ አያሰማራም። ደንቡን የማስከበር ኃላፊነት የአገሪቱና የክልሉ ነው።

ዓሣውና የዓሣ ሕጉ

በጣና ለገበያ የሚቀርቡት ዋና ዋናዎቹ ዓሦች ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ናቸው። ነጭ ዓሣ በሚለው ስም የሚጠሩት የላቤዮባርበስ ወገን ዝርያዎች ሲሆኑ፣ 15 ያህሉ ከጣና በቀር በየትም አይገኙም። በአንድ ሐይቅ ውስጥ ይህን ያህል ተቀራራቢ የባርበስ ዝርያ የነበረበት ሌላው ሥፍራ በፊሊፒንስ የሚገኘው ላናኦ ሐይቅ ነበር፤ እዚያ ግን ከውጭ በገቡ ዓሦችና በተጋነነ ማጥመድ የተነሳ ዝርያዎቹ ጠፍተዋል።

ከነጭ ዓሣ ዝርያዎች ግማሽ ያህሉ በክረምት ወደ ወንዞቹ ሽቅብ ወጥተው እንቁላል ይጥላሉ። ለዚህ ጉዞ በወንዞቹ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። አጥማጆችም ይህን ስለሚያውቁ መረባቸውን በዚያው ይዘረጋሉ። በፓፒረስ ታንኳ ብቻ ይሠራ የነበረው ማጥመድ ከ1970ዎቹ መጨረሻ (ዓ.ም.) ጀምሮ በሞተር ጀልባና በዘመናዊ መረብ ሲስፋፋ የተያዘው ዓሣ ለጊዜው ጨመረ። ብዙ ሳይቆይ ግን የነጭ ዓሣ መጠን በአሥር ዓመት ውስጥ በሦስት አራተኛ ገደማ መቀነሱን ተመራማሪዎች መዘገቡ። ነጭ ዓሣ ቀስ ብሎ የሚያድግ በመሆኑ እንደ ቆሮሶ ቶሎ አይተካም። አንዳንድ ሰዎች በገባር ወንዞቹ ላይ የብርብራ ፍሬ ፈጭተው ዓሣውን በማደንዘዝ መያዛቸውም ጉዳቱን አብሶታል።

የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የወጣው ይህን መሰል ችግር ለመግታት ነው። አማራ ክልልም የራሱን የዓሣ አዋጅ አውጥቷል። ነገር ግን በወንዙ አፍ ላይ ያለውን መረብ የሚከለክል ሕግ የሚሠራው በዚያ ወር፣ በዚያ ቦታ የሚቆጣጠር ሰው ሲኖር ብቻ ነው። ለአጥማጁ ደግሞ ያ ወር ከሁሉ የተሻለ ገቢ የሚያገኝበት ነው። ስለዚህ ጊዜያዊ እገዳ ሲታሰብ አጥማጁ በዚያ ወቅት በምን ይኑር የሚለው ጥያቄ አብሮ መመለስ አለበት።

እምቦጭ

እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ፣ በውሃ ላይ የሚንሳፈፍ አረም ነው። በጣና ላይ መታየቱ በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በተለይ በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ፣ በደምቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ ወረዳዎች ተስፋፍቷል። ዓሣ የሚራባበትን ዳርቻ ይሸፍናል፣ ጀልባ ያግዳል፣ የከብት ግጦሽ ያሳጣል። አርሶ አደሮች ውሃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው በዘመቻ ነቅለውታል፤ የማጨጃ ማሽኖችም ገብተዋል። ይሁንና የአረሙ ዘር በጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይበሰብስ ስለሚቆይ፣ ወንዞቹም ከእርሻ የታጠበ ማዳበሪያ ስለሚመግቡት ተመልሶ ይበቅላል።

ድንበርና ተፋሰስ

የሪዘርቩ ስፋት 7,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን የሐይቁ ተፋሰስ ግን 15,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህም ማለት ወደ ጣና ውሃ ከሚልከው መሬት ከግማሽ በላዩ ከጥብቅ ሥፍራው ወሰን ውጭ ነው። በላይኛው ተዳፋት የሚሸረሸር አፈር ወሰኑን አቋርጦ ይገባል፤ የሪዘርቩ ደንብ ግን አፈሩ ወደተነሳበት ማሳ አይደርስም።

በሐይቁ ላይ የሚሠሩት መሥሪያ ቤቶችም ብዙ ናቸው። ውሃውን ለመብራት ኃይልና ለመስኖ የሚፈልጉ፣ ግብርናን የሚመሩ፣ አካባቢን የሚጠብቁና ከተሞችን የሚያስተዳድሩ በየፊናቸው ይወስናሉ። ክልሉ የጣና ሐይቅና ሌሎች የውሃ አካላት ጥበቃና ልማት ኤጀንሲን ያቋቋመው ይህን የተበታተነ ሥራ ለማገናኘት ነው።

ከባሕር ጥብቅ ክልሎች ጋር ሲነጻጸር

ተመሳሳይ ችግር በባሕርም ይታያል። የአውስትራሊያው ታላቁ የኮራል ሪፍ የባሕር ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1975 በወጣ ሕግ ተቋቋመ። በ2004 ዓሣ ማጥመድ ፈጽሞ የተከለከለበት ክፍል ከ5 በመቶ በታች ከነበረበት ወደ 33 በመቶ ገደማ አደገ። ሆኖም በአቅራቢያው ካለው የኩዊንስላንድ እርሻ የሚታጠበው አፈርና ማዳበሪያ ሪፉን መጉዳቱን አላቆመም፤ እርሻው ከፓርኩ ውጭ ነውና።

እ.ኤ.አ. በ2022 በሞንትሪያል የተደረሰው የብዝኃ ሕይወት ስምምነት አገሮች እስከ 2030 ድረስ ከየብስ፣ ከውስጥ ውሃና ከባሕር 30 በመቶውን እንዲጠብቁ ግብ አስቀምጧል። የውስጥ ውሃ በግቡ መካተቱ ባሕር የሌላቸውን አገሮችም ይመለከታል። የጣናና የአውስትራሊያ ልምድ የሚያሳየው የተከለለው ስፋት ብቻውን መለኪያ እንደማይሆን ነው።

የወሎ ሐይቆች

ከወልድያ በመርሳ በኩል ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ከሀብሩ ወረዳ አልፎ ወደ ደቡብ ሲዘልቅ ተሁለደሬ ወረዳ ውስጥ ሐይቅ ከተማ ይደርሳል። በዚያ የሚገኘው ሐይቅ ከጣና እጅግ ያነሰ ነው፤ ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ጥልቀቱ ግን ከ80 ሜትር ይበልጣል። ውሃው በገሃድ የሚወጣበት ወንዝ ስለሌለ የገባበት አፈርና ቆሻሻ እዚያው ይቀራል። ቆሮሶ ወደ ሐይቁ የገባው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ሲሆን፣ ዛሬ አጥማጆች የሚተዳደሩበት ዋናው ዓሣ ነው። ከዚያ ወዲህ በነበሩት አሠርት ዓመታት የውሃው ጥራት በእጅጉ ቀንሷል።

ይህ ሐይቅም ሆነ ጎረቤቱ ሐርዲቦ በዩኔስኮ አልተመዘገቡም። ተፋሰሳቸው ትንሽ በመሆኑ ግን ውሃውንና ወደ ውሃው የሚያዘነብለውን ተዳፋት በአንድ ላይ ማስተዳደር ከጣና ይልቅ እዚያ ይቀላል።