ሲስተሙን የያዘው ማን ነው?

«ሲስተሙ ዛሬ ይንቀራፈፋል፤ ትንሽ ይታገሱን።» ይህን ቃል ከመስኮት ወዲያ ካለች ሠራተኛ ያልሰማ ባለጉዳይ ያለ አይመስለኝም። ተገልጋዩ ኔትወርኩን ይረግማል። ሠራተኛዋ አይጧን መታ መታ ታደርጋለች። የአይቲው ልጅ «ሰርቨሩ አርጅቷል፣ ይቀየርልን ብለን ደብዳቤ ጽፈናል» ይላል። ብዙ ጊዜ ሦስቱም ተሳስተዋል።

ከእንዲህ ያለው ሥርዓት አንዱን እንዳይ ተጠርቼ ነበር፤ የመሥሪያ ቤቱ ስም ይቆየን። ጃቫ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ፣ ቶምካት በሚባለው ነፃ ሰርቨር ላይ የሚሠራ ነው። ማንኛውም ገጽ፣ ምንም ያልተጻፈበት እንኳ፣ ለመከፈት 10 ሰከንድ ይፈጃል። ሎጉን፣ ማለትም የሥርዓቱን የሥራ መዝገብ፣ ስከፍት 10,052፣ 10,047፣ 10,055 ሚሊሰከንድ እያለ ይወርዳል። የገረመኝ የቁጥሩ ትልቅነት ሳይሆን አለመለዋወጡ ነው። ሥራ የበዛበት ማሽን አንዴ 3 ሰከንድ፣ አንዴ 14 ሰከንድ ይወስዳል። ሁልጊዜ 10 ሰከንድ የሚወስድ ነገር ግን እየሠራ ሳይሆን ሰዓት እያየ እየጠበቀ ነው።

ጥርጣሬው የወደቀው በፊልተሮቹ ላይ ነበር። ፊልተር ምን እንደሆነ ለማወቅ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ትልቅ ሕንፃ መግባት ይበቃል። በር ላይ ጥበቃው ይፈትሽዎታል፤ ላፕቶፕ ከያዙ ሴሪያል ቁጥሩን ይመዘግባል። ቀጥሎ እንግዳ ተቀባይዋ መታወቂያዎን ይዛ ባጅ ትሰጥዎታለች። ከዚያ ነው ጉዳይዎ ወዳለበት ቢሮ የሚወጡት። ሲመለሱ ደግሞ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ መጀመሪያ ባጁን መልሰው መታወቂያዎን ይወስዳሉ፣ በመጨረሻ ጥበቃው ላፕቶፑን ከመዝገቡ ጋር ያመሳክራል። የጃቫ ፊልተርም እንዲሁ ነው። ከብራውዘር የመጣ ጥያቄ ዋናው ፕሮግራም ዘንድ ከመድረሱ በፊት በተሰለፉት ፊልተሮች ሁሉ ያልፋል፤ ምላሹም በእነሱው በኩል ወደ ኋላ ይወጣል። አንዱ ማንነት ያጣራል፣ አንዱ ይመዘግባል፣ ሌላው ምላሹን ይጨምቃል። ይህ አሠራር የጃቫ የድረ ገጽ ፕሮግራሞች ወደሚመሩበት የሰርቭሌት ደንብ የገባው እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው 2.3 እትም ነው።

አሁን ጥበቃው የገቡበትንና የወጡበትን ሰዓት ጽፎ ልዩነቱን ቢያሰላ «እኔ ጋ 2 ሰዓት ቆይተዋል» ሊል ነው። እርስዎ ግን ያን ሁሉ ጊዜ የጨረሱት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ፊርማ ሲጠብቁ ነበር። የፊልተር ሰዓትም የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው፤ የውጨኛው ፊልተር የሚቆጥረው ጊዜ ከእሱ በስተ ውስጥ ያሉትን ሁሉ ጊዜ ይጨምራል። ስለዚህ ሁልጊዜ የመጀመሪያው ፊልተር ጥፋተኛ ሆኖ ይታያል።

በዚያ መሥሪያ ቤትም የሆነው ይኸው ነው። የመጀመሪያው ፊልተር የጽሑፍ ኢንኮዲንግ አስተካካይ ነበር፤ ከቅጽ የሚመጣውን ጽሑፍ ሰርቨሩ የግእዝንም ፊደል በሚያውቀው በዩቲኤፍ-8 ሥርዓት እንዲያነበው የሚያዝ ሁለት መስመር ኮድ። 10,052 ሚሊሰከንድ ፈጀ የሚል ስላዩበት እኔ ከመድረሴ በፊት አንስተውት ነበር። ፍጥነቱ አልተሻሻለም፤ የባለጉዳዮች ስም ግን ተበላሸ። የሰርቭሌት ደንብ ሌላ ካልታዘዘ የቅጽ ጽሑፍን የሚያነበው የላቲን ፊደል ብቻ በሚያውቅ አሮጌ ሥርዓት ነው። አንድ የግእዝ ፊደል ደግሞ በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይይዛል። እናም «ከበደ» ሦስት ፊደል መሆኑ ቀርቶ ዘጠኝ የተዘበራረቁ ምልክቶች ሆኖ ይመዘገባል። ያለ ጥፋቱ የተባረረው ፊልተር ከሁሉም በላይ ለእኛ የሚያስፈልገን ነበር።

መፍትሔው የሁለተኛ ክፍል ሒሳብ ነው፤ መቀነስ። ፊልተሩን ወደ ቦታው መልሰን በእያንዳንዱ መግቢያና መውጫ ላይ ሰዓት አስቀመጥን። ኢንኮዲንግ አስተካካዩ 10,052፣ ጎብኚ መዝጋቢው 10,051፣ ፈቃድ አጣሪው 43፣ ዋናው ፕሮግራም 40 ሚሊሰከንድ አሉ። እያንዳንዱን ከቀዳሚው ሲቀንሱት ኢንኮዲንግ አስተካካዩ በራሱ የወሰደው 1 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። ጎብኚ መዝጋቢው 10,008 ይዟል።

መዝጋቢው ማን መቼ እንደገባ አንድ መስመር ከመጻፍ ሌላ ሥራ የለውም። አንድ መስመር ለመጻፍ 10 ሰከንድ?

እዚህ ላይ ከጃቫ ጋር አብሮ የሚመጣው ጄስታክ የሚባለው መሣሪያ ይጠቅማል። ትሬድ ማለት አንድ ጥያቄ ተቀብሎ እስከ መጨረሻው የሚያስተናግድ ሠራተኛ ነው፤ ጄስታክ በዚያች ቅጽበት እያንዳንዱ ትሬድ የትኛው የኮድ መስመር ላይ እንደቆመ በጽሑፍ ያወጣል። ውጤቱ እንደ ፎቶ ነው። አንድ ፎቶ ብዙም አይነግርዎትም፤ ሰው ሲያልፍ ተነሥቶ ሊሆን ይችላል። ሦስት ጊዜ፣ በየጥቂት ሰከንዱ ያንሡ። ያው ትሬድ በሦስቱም ላይ እዚያው መስመር ላይ ከተገኘ ተገትሯል ማለት ነው። እኛም አገኘነው፤ የጎብኚውን አይፒ ቁጥር ወደ ኮምፒውተር ስም የሚለውጠው መስመር ላይ። የሚገርመው፣ ከጎኑ የተጻፈው ሁኔታ «በሥራ ላይ» ነው የሚለው። ጃቫ ከስርዓተ ክወናው መልስ የሚጠብቀውን ትሬድ ብዙ ጊዜ የሚሠራ አድርጋ ትቆጥረዋለች። ፕሮሰሰሩ ግን ሥራ ፈትቶ ነበር።

ቁጥርን ወደ ስም ለመለወጥ ዲኤንኤስ የሚባለውን የስም መዝገብ መጠየቅ ያስፈልጋል። የሰርቨሩ ስርዓተ ክወና ሊኑክስ ሌላ ካልታዘዘ መልስ ለማግኘት 5 ሰከንድ ይጠብቃል፤ ካጣ አንድ ጊዜ ደግሞ ይሞክራል። 5 እና 5፣ 10። የሚጠየቀው የዲኤንኤስ ማሽን ቢሮው ሲዛወር ከተነቀለ ወዲህ የሰካው አልነበረም። ጃቫም ስሙን ስታጣ አትጮህም፤ ቁጥሩን እንዳለ ወስዳ ትቀጥላለች። በሎጉ ላይ አንዲት የስህተት መልእክት ያልታየችው ለዚህ ነው።

አንድ ሰው 10 ሰከንድ ቢጠብቅ ምን ይሆናል የሚል ሊኖር ይችላል። ቶምካት ሲጫን 200 ትሬድ ይመደብለታል። እ.ኤ.አ. በ1961 ጆን ሊትል ያረጋገጠው የወረፋ ሕግ፣ በአንድ ቤት ውስጥ ያለው ሰው ብዛት በየሰከንዱ የሚገባው ሰው በአማካይ ቆይታው ተባዝቶ ነው ይላል። እያንዳንዱ ጥያቄ 40 ሚሊሰከንድ ከቆየ 200 ትሬድ በሰከንድ 5,000 ጥያቄ ያስተናግዳል። 10 ሰከንድ ከቆየ 20 ብቻ። ሃያ አንደኛው ውጭ ይሰለፋል፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቅርንጫፉ ሁሉ ሲከፍት ወረፋው ወደ ደቂቃዎች ያድጋል። አዲስ ሰርቨር ቢገዛም ያው 200 ትሬድ የዚያኑ የተነቀለ ማሽን መልስ ሲጠብቅ ይውላል።

በእርግጥ ሁሉም መዘግየት መጠበቅ አይደለም። ፕሮሰሰሩ እየተቃጠለ ከሆነ ፊልተሩ የምር እየሠራ ነው፤ ያኔ ጥያቄው ሥራው አስፈላጊ ነው ወይ የሚል ይሆናል። የይለፍ ቃል የሚያረጋግጠውን ቢክሪፕትን እንውሰድ። ሌባ በግምት እንዳይሰብረው ሆን ተብሎ እንዲዘገይ የተሠራ ነው፤ የክብደቱ ቁጥር በአንድ በጨመረ ቁጥር የሚወስደው ጊዜ እጥፍ ይሆናል። ተጠቃሚው ሲገባ አንድ ጊዜ ቢሠራ ማንም አያስተውለውም። ፊልተሩ ለሁሉም አድራሻ ከታዘዘና ብራውዘሩ የይለፍ ቃሉን በየጥያቄው የሚልክ ከሆነ ግን 30 ሥዕል ያለበት ገጽ ሲከፈት 30 ጊዜ እንደገና ያረጋግጣል፤ የአርማውን ሥዕል ሳይቀር።

ከሁሉ የማይታመነው ጽሑፍ የሚያጣራው ፊልተር ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 20 ቀን 2016 ስታክ ኦቨርፍሎው የተባለው የፕሮግራመሮች ድረ ገጽ ለ34 ደቂቃ ወደቀ። ምክንያቱ አንድ ጽሑፍ ውስጥ በተከታታይ የተቀመጡ 20,000 ያህል ባዶ ቦታዎች ነበሩ። ባዶ ቦታ የሚያነሣው የፍለጋ ቀመር ከመጀመሪያው ጀምሮ መጨረሻው ላይ ሲሳነው ከሁለተኛው፣ ቀጥሎ ከሦስተኛው እያለ ወደ 200 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ተመላለሰ። ድረ ገጹ በጃቫ የተሠራ ባይሆንም የጃቫ ፈላጊም የሚመላለሰው በዚያው መንገድ ነው። ጎጂ ኮድ አጣራለሁ የሚል ፊልተር ካላችሁ አንድ ረጅም የባዶ ቦታ ሰንሰለት ስጡትና እዩት።

ወደ መሥሪያ ቤቱ ልመለስ። ከመዝጋቢው ፊልተር አንዲት መስመር ሰረዝን፤ በስም ፋንታ የአይፒ ቁጥሩን ብቻ እንዲጽፍ። ገጹ በ47 ሚሊሰከንድ ተከፈተ። ቶምካት ራሱ ይህን የስም ፍለጋ ሲጫን ዝግ አድርጎ ነው የሚመጣው። በፊልተሩ ውስጥ እንደገና የጻፈው ሰው ነው።