የአፍሮዲቴ ስም ከወዴት መጣ? የአረፋው ታሪክና የዐስተር ጥያቄ



የዛሬውን ንግግሬን የራሴን ስሕተት በማመን እጀምራለሁ። ከዓመታት በፊት አንድ ተማሪዬ፣ የግሪኮች የፍቅርና የውበት አምላክ የሆነችው የአፍሮዲቴ ስም በአክሱም ይመለክ ከነበረው ከዐስተር የተገኘ ነው ሲል ጽፎ አቀረበ። ሐሳቡ ደስ ስላሰኘኝ ማስረጃውን ሳልመረምር አጸደቅሁለት። ዛሬ የማቀርበው ያን ጊዜ ልነግረው ይገባኝ የነበረውን ነው።

በቅድሚያ ግሪኮች ራሳቸው ምን አሉ? ሄሲዮድ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ700 ገደማ በደረሰው «ቴዎጎኒያ» በተባለው ድርሰቱ፣ ክሮኖስ የአባቱን የኡራኖስን ብልት ቆርጦ ወደ ባሕር እንደጣለ፣ በዙሪያው ከተነሣው አረፋም አፍሮዲቴ እንደተወለደችና በቆጵሮስ ወደ ምድር እንደወጣች ይተርካል። አረፋ በግሪክኛ «አፍሮስ» ነው። ሆኖም ይህ ፍቺ የሚሸፍነው የስሙን መጀመሪያ ብቻ ነው፤ «ዲቴ» የሚለውን ቀሪ ክፍል አጥጋቢ በሆነ መንገድ አይፈታውም። ስለዚህ አረፋው ስሙን ሳይሆን፣ ስሙ የአረፋውን ታሪክ የወለደ ይመስላል።

ሁለተኛው መንገድ ወደ ምሥራቅ ይወስደናል። ሄሮዶቱስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት፣ የሰማያዊቷ አፍሮዲቴ እጅግ ጥንታዊ መቅደስ በአስቀሎና እንደሚገኝ፣ የቆጵሮሱም ከዚያ እንደመነጨ ጽፏል። በዚያ አካባቢ ፊንቄያውያን ዐሽታርት የምትባል አምላክ ያመልኩ ነበር። በመሆኑም የአፍሮዲቴ አምልኮ ከሴማውያን ብዙ ነገር ወስዷል የሚለው ሐሳብ ጽኑ መሠረት አለው።

ዐሽታርት፣ የባቢሎናውያኑ ኢሽታርና በኢዛና የድንጋይ ጽሑፎች የሚገኘው ዐስተር የአንድ ሥር ቅርንጫፎች ናቸው። ይህን የምንለው ስለሚመሳሰሉ ብቻ ሳይሆን የድምፅ ለውጡ ሥርዓት ስላለው ነው። የፊንቄ ቋንቋ የቅርብ ዘመድ በሆነው በዕብራይስጥ «ሽሞኔ» የተባለው በእኛ ዘንድ «ስምንት» ነው፤ በዕብራይስጥ «ሾር» የተባለው በሬ በግዕዝ «ሶር» ነው። «ዐሽታርት» እና «ዐስተር» በዚሁ ሕግ ይገናኛሉ።

አፍሮዲቴን በዚህ ሚዛን ስናስቀምጣት ግን ሚዛኑ አይደፋም። ሴማዊው «ሽ» በግሪክኛ «ፍ» የሚሆንበት የታወቀ ሕግ የለም። ከዚህም በላይ ግሪኮች የዐሽታርትን ስም በጻፉ ጊዜ «አስታርቴ» ብለዋል። ስሙ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ከአረፋ ጋር ተዛምዶ ተለውጧል የሚሉ ምሁራን አሉ። ይህ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን «ሊሆን ይችላል» ማለት «ተረጋግጧል» ማለት አይደለም።

እንግዲህ የአምልኮው መንገድና የስሙ መንገድ ለየብቻ መመርመር አለባቸው። አንድ አምላክ ከባሕር ማዶ መጥታ በአገሬው ስም ልትጠራ ትችላለች፤ ስሟም ከሁለቱም ቋንቋዎች ውጭ የሆነ ምንጭ ሊኖረው ይችላል። የድምፅ መመሳሰል ሰምና ወርቅ ለሚያዋሕድ ባለቅኔ ሀብት ነው፤ ለሥርወ ቃል ተመራማሪ ግን የጥያቄ መነሻ እንጂ መልስ አይደለም። በተለይ መልሱ ወደ ራሳችን ታሪክ ሲያመራና ደስ ሲያሰኘን፣ ያን ጊዜ ይበልጥ ልንጠነቀቅ ይገባናል።

ያ ተማሪዬ ዛሬ በዚህ አዳራሽ ካለ ይስማኝ፤ ጥያቄህ መልካም ነበር፤ መልሱን ለማጽደቅ የቸኮልሁት እኔ ነኝ።