ስልካችሁ ዳገቱን አይቆጥርም፦ የተራራ ጉዞ ስንት ካሎሪ ያስወጣል?



ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአክስቴ ልጅ ጋር ጉና ተራራ ወጥተን ነበር። ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ፋርጣ፣ ላይ ጋይንትና እስቴ የሚጋሩት ተራራ ነው። የአክስቴ ልጅ የስኳር ሕመም አለበት፤ ኢንሱሊን ይወጋል። ያን ቀን ጠዋት እንደ ሁልጊዜው ቁርሱን በላ፣ እንደ ሁልጊዜው መድኃኒቱን ተወጋ፣ ተነሳን።

ስንመለስ መንደሩ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረን ስልኩን አየና "ገና 600 ካሎሪ ነው፤ ይሄማ ምን አላት!" አለኝ። ትንሽ እንደሄድን በዚያ ብርድ ላብ አጠመቀው። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያለ ምክንያት ይቆጣኛል። እኔ ሐኪሙ ደግሞ ድካም መስሎኝ "ትንሽ እንረፍ" እላለሁ! መለኪያው ቦርሳው ውስጥ ስለነበር ለካሁት፦ 52። ከ70 በታች ዝቅተኛ ነው፤ ከ54 በታች ሲሆን አደገኛ ነው።

የያዝነው ውኃና ቆሎ ብቻ ነበር። ቆሎ ጥሩ ስንቅ ነው፤ ለእንዲህ ያለ ሰዓት ግን ቶሎ አይደርስም። ከገበያ የሚመለሱ እናት አገኘንና "እማማ፣ ስኳር ይኖርዎታል?" አልኳቸው። "አለ የኔ ልጅ፣ እንካ! ምን ነካው?" አሉ ዕቃቸውን እየፈቱ። 4 የሻይ ማንኪያ ያህል በውኃ በጥብጬ አጠጣሁት። ከ15 ደቂቃ በኋላ ስለካው ከፍ ብሏል።

ታዲያ ስልኩ ምኑን ሳተው?

ብዙ ጊዜ ስልክ የሚያሰላው በእርምጃችንና በክብደታችን፣ ሜዳ ላይ እንደምንሄድ አድርጎ ነው። ዳገቱንና የተሸከምነውን አይቆጥርም። እናንተ ግን በግምት እንዲህ ማስላት ትችላላችሁ፦

1. የሰውነታችሁን ክብደትና ሸክማችሁን ደምሩ። 70 ኪሎ ሰው 10 ኪሎ ቦርሳ ከያዘ 80 ይሆናል።
2. ለመንገዱ፦ ክብደት × ኪሎ ሜትር × 0.7። እኛ ደርሶ መልስ 12 ኪሎ ሜትር ሄደናል፦ 80 × 12 × 0.7 = 672 ካሎሪ።
3. ለዳገቱ፦ ሽቅብ ለወጣችሁት ለእያንዳንዱ 100 ሜትር፣ በአንድ ኪሎ ክብደት 1 ካሎሪ ገደማ ጨምሩ። የወጣነው 800 ሜትር ነው፦ 80 × 8 = 640።

ድምሩ 1,300 ገደማ ነው፤ ስልኩ ካለው እጥፍ በላይ! ድንጋያማና ጭቃማ መንገድ ደግሞ ይጨምርበታል። የልብ ምት የሚቆጥር ሰዓትም ከፍታ ላይ ሊሳሳት ይችላል፤ አየሩ ስለሚሳሳ ልብ ለዚያው ሥራ ከወትሮው በላይ ይመታልና።

አንድ ነገር ልጨምር። ከስማዳ ወደ አባይና በሽሎ ሸለቆዎች ስትወርዱ መጀመሪያ የሚመጣው ቁልቁለቱ ነው። ዳገቱ የሚጠብቃችሁ ከደከማችሁ በኋላ ስለሆነ ስንቃችሁን ሲወርዱ አትጨርሱ። 100 ግራም የገብስ ቆሎ 350 ካሎሪ ገደማ ይሰጣል፤ በሶም ጥሩ ነው።

ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የምትወስዱ ከሆነ፦

• ከጉዞው በፊት ስለ መድኃኒቱ መጠን ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩ፤ በራሳችሁ አትቀንሱ።
• ምግብ ሳትበሉ አትውጡ፤ ብቻችሁንም አትሂዱ።
• ስኳር ወይም ከረሜላ ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር።
• መንገድ ላይ ስኳራችሁን ተለኩ። ሌሊትም ሊወርድ ስለሚችል ከመተኛታችሁ በፊት ድገሙት።
• ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አትስጡ፤ በጎኑ አስተኝታችሁ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

የአክስቴ ልጅ ዛሬም ተራራ ይወጣል፤ ኪሱ ግን ከስኳር አይለይም። የስኳር ሕመም ያለበት፣ መንገድ የሚወድ ወዳጅ ካላችሁ ይህን አጋሩት።

መልካም ጤና!